ለክቡር ፋፍሳ፦ ድህነታችንን ስንት ጊዜ እናስመስክር?

ለ፦ ክቡር ፋፍሳ፣ የፌዴራል የተማሪዎች እርዳታ ማመልከቻ ፎርም
ዋሽንግተን ዲሲ

ጉዳዩ፦ ምስጋናና አቤቱታ በአንድ ፖስታ ስለማቅረብ

ክቡርነትዎ፣

እንደምን ሰነበቱ? ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለን፣ ልጆቻችንን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የምንልክ ወላጆችና ዘመዶች ደህና ነን። ፓስወርዳችንን ረስተናል እንጂ ጤናችንስ ይመስገን።

እኔ በየቤተሰቡ ከማይጠፉት፣ "አንተ እንግሊዝኛ ትችላለህ፣ ና እርዳት" ከሚባሉት ሰዎች አንዱ ነኝ። ክርስትና ቤት ሄጄ ገና ዶሮው ሳይቀርብ ላፕቶፕ ይቀርብልኛል። ስለዚህ ጠባይዎን በቅርብ አውቀዋለሁ።

ምስጋናው ይቅደም። በሰው አገር፣ ያለ ዋስ፣ ለልጅ ትምህርት በዓመት እስከ 7,395 ዶላር የሚሰጥ ማን አለ? ይህ የ2025-26 የፔል ግራንት ጣሪያ ነው። ወለድ የለው፣ ተመላሽ የለው። በ1972 ሲጀመር ስሙ ሌላ ነበር፤ በ1980 በሮድ አይላንዱ ሴናተር በክሌይቦርን ፔል ተሰየመ። የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ክፍያ ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ ሙሉ ፔል ያገኘ ልጅ ብዙ ጊዜ ትምህርቱን ከፍሎ ለመጽሐፍና ለመጓጓዣም ይተርፈዋል። በዚህ ላይ ፎርሙ ነፃ ነው። አመሰገንን። አሁን ወደ አቤቱታው።

በቅርቡ ቀልያለሁ ብለው ነበር። እውነት ነው፣ ኮንግረስ በ2020 መጨረሻ እንዲቀሉ በሕግ አዘዘ። ከመቶ በላይ የነበሩት ጥያቄዎች ቢበዛ 46 ሆኑ። እልል አልን። ከዚያ በልማድ ኦክቶበር 1 የሚከፈተው ፎርም በ2023 ዲሴምበር 30 ብቅ አለ፤ እሱም ብልጭ ብሎ ጠፋ። ደግሞ ወላጅ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ከሌለው ልጁ እዚሁ የተወለደ ዜጋ ቢሆንም ፎርሙን መጨረስ ሳይችል ወራት አለፉ። ስልክ ተደወለ። የኮንግረሱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በኋላ እንደቆጠረው፣ በ2024 የመጀመሪያ አምስት ወራት ከተደወሉት 5.4 ሚሊዮን ጥሪዎች 4 ሚሊዮኑን ያነሳ ሰው አልነበረም። የተቀነሱት ጥያቄዎች የት እንደሄዱ ያኔ ገባን። ወደ እኛ ነው የተዛወሩት፦ "ለምን አይከፈትም? ለማን ይደወላል? ነገ ይሻለው ይሆን?"

የስም ነገርስ? እስከ 2025-26 ፎርም ድረስ ልጅቷ የወላጆቿን ስም፣ የልደት ቀንና የሶሻል ቁጥር አስገብታ ነበር ፎርሙን አብረዋት እንዲሞሉ የምትጋብዛቸው። አንድ ፊደል ከተዛነፈ ግብዣው አይሠራም ነበር። እኛ ቤት ደግሞ አባት በአያት ስም ይጠራል፣ እናት በራሷ አባት ስም፣ ልጅ በአባቷ ስም። አንድ ቤት ውስጥ ሦስት "የቤተሰብ ስም" አለ ማለት ነው። ፀሐይ የምትባል እናት ስሟ በእንግሊዝኛ መንጃ ፈቃዷ ላይ አንድ ዓይነት፣ ሶሻል ካርዷ ላይ ሌላ ዓይነት ሆኖ ይገኛል። ልደቷን ሲጠይቋት "የኅዳር ሚካኤል ማግስት" ትላለች። ፓስፖርቷ ጃኑዋሪ 1 ይላል። እርስዎ የትኛውን ያምናሉ? ሚካኤልን እንደማያምኑ እናውቃለን።

ይህ ሁሉ ግን ዲቪ ደርሶት ብቻውን ከመጣው ከ20 ዓመቱ ልጅ ጉዳይ ጋር ሲተያይ ጨዋታ ነው። ልጁ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ክፍል ተከራይቷል። ሌሊት ይሠራል፣ ቀን ይማራል፣ ታክሱን ራሱ ያሠራል። እርስዎ ግን 24 ዓመት እስኪሞላው የወላጆቹ ጥገኛ ነው ይሉታል። ካገባ፣ የሚያሳድገው ልጅ ካለው፣ ወታደር ከሆነ ይተዉታል። የራሱን ኪራይ ከፈለ ብለው ግን አይተዉትም። አባቱ መንዝ ገበሬ ናቸው። እናም እኚህ አባት ያለ ሶሻል ቁጥር አካውንት ከፍተው፣ የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት የታክስ መዝገባቸውን እንዲያይ ፈቃዳቸውን መስጠት አለባቸው። አይ አር ኤስ መንዝ ወርዶ ያውቃል ወይ? አያውቅም። መዝገብ አላቸው ወይ? የላቸውም። ፈቃዱ ግን የግድ ነው። አባትየው በስልክ "ምን አጠፋሁ ልጄ?" ይላሉ። ምንም አላጠፉም አባቴ፣ ይፍቀዱ ብቻ።

ከዚያ ገቢያቸው በዶላር ይጻፍ ይባላል። የዕለቱን ምንዛሪ ተጠቀሙ ነው ትዕዛዙ። በ2024 አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከመቶ በላይ ሲያልፍ፣ ገብሱ ያው ገብስ፣ ማሳውም ያው ማሳ ሆኖ የሰውየው ሀብት ፎርሙ ላይ ግማሽ ሆነ። የባንኩን ዋጋ ነው ወይስ የጥቁር ገበያውን የሚል ጥያቄ ልጁ ሲያነሳብኝ ሻይ አፈላሁለት።

ወደዚህ ወዳሉት ወላጆች እንምጣ። አባት ፓርኪንግ ይሠራል፣ እናት ነርሲንግ ሆም። ደሴ ያለችውን አያት በየወሩ ይረዳሉ። የእህት ልጅ የኮሌጅ ክፍያም አለ፤ ከሰፈር ለሞተ፣ ለታመመ፣ ለተሰደደ የሚዋጣውን እንተወው። ክቡርነትዎ ስለዚህ አንዲት ጥያቄ የለዎትም። የቤተሰቡን ቁጥር በታክስ ፎርም ላይ ካሉት ጥገኞች ይወስዳሉ፤ ደሴ ያለችው አያት እዚያ የለችም። በእርስዎ ስሌት ያ ገንዘብ ቤት ውስጥ ተቀምጧል። እስቲ መጥተው ይፈልጉት፣ ካገኙት እንካፈላለን።

ዕቁብ ደግሞ አለ። ገቢው ሻል ያለ ቤተሰብ የባንክ ሒሳቡ ፎርሙ በተሞላበት ዕለት ስንት እንደሆነ ይጠየቃል። ያን ሰሞን ዕቁብ የወጣለት ሰው ጉድ ፈላበት። ገና ብዙ ዙር እንደሚከፍል ዳኛውና ጸሐፊው ቢመሰክሩለትም፣ እርስዎ የሚያዩት ሒሳቡ ላይ የተኛውን ብር ብቻ ነው።

አንዱን ነገር በተለይ ያስረዱኝ። ኮሌጅ የገቡ ልጆች ስንት ናቸው ብለው ይጠይቃሉ። ከ2024-25 ወዲህ ግን መልሱን ስሌቱ ውስጥ አያስገቡትም። ድሮ ሁለት ልጅ በአንድ ጊዜ ላስተማረ ትንሽ ያዝኑ ነበር። አሁን ለጨዋታ ያህል ነው የሚጠይቁን?

በመጨረሻ ኤስ ኤ አይ የሚሉት፣ የቤተሰቡን የመክፈል አቅም የሚለካው ቁጥር ይመጣል። ዝቅተኛው ከዜሮ በታች 1,500 ነው። አገር ቤት "የደሃ ደሃ" የሚባል መደብ ነበር፤ እርስዎ በቁጥር አወጡለት። ቁጥሩ የደረሰው ቤተሰብ ጎደለ የተባለውን 1,500 ዶላር ጨምረው የሚልኩለት መስሎት ጠበቀ። አይጨምሩም። ፔሉ ዜሮ ላይ ካለው ሰው ጋር እኩል ነው።

ከዚያ ወዲያ ቬሪፊኬሽን፣ ማለትም የሞላነውን በማስረጃ አረጋግጡ መባል አለ። ዲቪ የደረሰን ሰዎች ስለሆንን "ተመርጠዋል" ሲባል መጀመሪያ ደስ ይለናል። ኋላ ወረቀቱ ሲመጣ ነው የምንባንነው። አገር ቤት ነፃ ሕክምና የፈለገ ሰው ደሃ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀበሌ ያጽፍ ነበር። የቀበሌው ሰው ግን ጎረቤት ነው፤ ጣሪያው እንደሚያፈስ አይቷል። እርስዎ ታክሱን በቀጥታ ከአይ አር ኤስ ጎትተው ካዩ በኋላ እንደገና ማስረጃ ይላሉ። ገቢው በጣም ያነሰ እንደሆነ ደግሞ አንዳንዱ የኮሌጅ ቢሮ "ታዲያ ምን እየበላችሁ ኖራችሁ?" ብሎ በጽሑፍ ያስመልሳል። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ መልሱ "ከእህቴ ቤት" ነው፣ እህትየዋም ቀጥላ ትጠየቃለች። ወረቀቱ እስኪሟላ ፔል አይለቀቅም። ክላስ ተጀምሯል፤ መጽሐፉ አልተገዛም።

ለወገኖቼም በዚሁ ደብዳቤ ጎን አንዳንድ ነገር ላሾልክ፣ ይፍቀዱልኝ። የሚያዩት የሁለት ዓመት በፊቱን ታክስ ነው፤ ለ2025-26 የ2023ቱን። ዘንድሮ ከሥራ የወጣ አባት እርስዎ ዘንድ ገና ደመወዙን ይበላል። ይህ የገጠመው ሰው የኮሌጁን የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ "ሁኔታዬ ተለውጧል" ብሎ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ቢሮው ማስረጃ አይቶ የማስተካከል ሥልጣን አለው። ካልጠየቁት አይነግርም፣ ጠባዩ ነው። ወላጅ ወረቀት የለውም ተብሎም ዜጋው ልጅ ፔል አይከለከልም። ጥገኝነት ጠይቆ ገና መልስ የሚጠብቅ ተማሪ ራሱ ግን የፌዴራሉን አያገኝም፤ የተፈቀደለት ያገኛል።

ፔል በክሬዲት ነው የሚለካው። 12 ክሬዲት የወሰደ ሙሉውን፣ 7 የወሰደ 58 በመቶውን ያገኛል። ሁለት ክላስ ይዞ "ለምን አነሰብኝ" ማለት የለም። ሴሜስተሩ 60 በመቶ ሳይደርስ ሁሉንም ክላስ ጥሎ የወጣ ልጅ ደግሞ ከተቀበለው ገንዘብ ላይ ተሰልቶ ይወሰድበታል፤ ኮሌጁም ቢል ይልክበታል። ከክፍያው ተርፎ በእጁ የተሰጠው ሪፈንድ በዚያን ጊዜ ሶፋ ሆኖ ሳሎን ተቀምጧል። ሶፋ ተመላሽ አይደረግም።

ክቡርነትዎ፣ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። አገር ቤት ለምንልከው አንዲት ሳጥን ይክፈቱልን። ኮሌጅ ያሉትን ልጆቻችንን ከጠየቁ ይቁጠሩልን። የመንዙን ገበሬ ይተዉልን። ስልክ ያንሱ።

ይህ እስኪሆን ድረስ ግን መሙላታችንን አንተውም። ፎርሙ ሰለቸኝ ብሎ የሚተው ልጅ፣ ይኼን ያህል ገንዘብ ለመንግሥት የቸረ ብቸኛው ደሃ ይሆናል።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣
የቤተሰቡ ፎርም ሞይ

ግልባጭ፦
ገንዘብ እያስከፈሉ ነፃውን ፎርም ለሚሞሉ "ባለሙያዎች"፣
"ነገ ማታ ብቅ በል፣ ትንሽ ነገር ነች" ላለችኝ አክስቴ፣
ለፋይላችን፣ የገባበት ከተገኘ።