ለመታሰቢያ ትርኢት ሁለተኛ ክራር ይጥፋ?

ላረፈ የዜማ ደራሲ መታሰቢያ ሙዚቃዊ ትርኢት ተዘጋጀ ሲባል፣ ከፒያሳ እስከ ብሔራዊ ያለው የቴአትር ወዳጅ ደስታውን አይችለውም። እውነቱን ነው፤ ይገባዋል። መብራቱ ይደምቃል፣ አልባሳቱ ያምራል። ዜማው ግን ይበደላል!

እንደ ነርሲስ ናልባንዲያን ያሉ የሙዚቃ አቀናባሪዎች ለትራምፔት፣ ለትሮምቦን፣ ለሳክስፎን ድምፅ እየከፋፈሉ የጻፉት ሥራ ዛሬ በአንድ ኪቦርድ ይጠቀለላል። ኖታውን ለየመሣሪያው ለይቶ ለሚጽፍ ባለሙያ በጀት አይያዝማ!

ከሁሉ የሚያበግነው ዜማዎቹ አንዱ ከሌላው ሲቀጠሉ ነው። ከትዝታ ቅኝት ወደ አንቺ ሆዬ ቅኝት በአንድ ትንፋሽ ይሻገራሉ፤ ስድስት ክር ያለው ክራር ግን በዚያች ቅጽበት እንዴት ተደርጎ ይቃኛል? ክራር መቺው ወይ እጁን ሰብስቦ ይቀመጣል፣ ወይ ከባንዱ ጋር ይጋጫል። እኮ ምን ይከብዳል? በአንቺ ሆዬ የተቃኘ ሌላ ክራር አጠገቡ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ቅኝቱንም መጋረጃው ሳይከፈት እዚያው መድረኩ ላይ ደግሞ መፈተሽ፤ የመብራቱ ሙቀት ክሩን ያዛባዋል።

ማሲንቆውማ ጭራሽ አይሰማም። ማይኩን ከአንገቱ አንሱና ወደ ቆዳው አስጠጉት፤ ለተጫዋቹ ድምፁን የሚያሰማውን የመድረክ ስፒከር፣ ሞኒተሩንም፣ ወደ ማይኩ አታዙሩት፣ ይጮኻል።