ጥቁሩ ቀለም አይደለም

ስለ ሸክላ ሠሪዋ ማግዳሊን ኦዱንዶ የጻፋችሁትን ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ቅር አሰኘኝ። ጥቁሮቹን ሥራዎቻቸውን «ጥቁር ቀለም የተቀቡ» ብላችኋቸዋል። ኧረ በፍጹም! ጥቁሩ የእሳት ሥራ ነው።

ኬንያ ተወልደው እንግሊዝ የሚኖሩት ኦዱንዶ የሚሽከረከር የሸክላ መሥሪያ መዘውር አይጠቀሙም። ጭቃውን ከታች ወደ ላይ በእጃቸው ይገነቡታል፣ በቅል ስባሪ ይፍቁታል። ከዚያ በለስላሳ ጠጠር ማሸት ነው፣ እስኪያብረቀርቅ ድረስ። ይህን የእጅ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1974 ናይጄሪያ፣ ያኔ አቡጃ ወደምትባለው ከተማ (የዛሬዋ ሱሌጃ) ሄደው ከግዋሪ ብሔረሰብ ሴቶች ተምረዋል።

አሁን ወደ እሳቱ። መጀመሪያ አየር እንደልቡ በሚገባበት እቶን ያቃጥሉታል። ጭቃው ውስጥ ያለው ብረት ኦክስጅን ሲያገኝ ብርቱካንማ ቀይ ይሆናል። ጥቁር ከፈለጉ ያንኑ ዕቃ ከእንጨት ፍቅፋቂ ጋር በሌላ የሸክላ መያዣ አሽገው ድጋሚ እሳት ውስጥ ይከቱታል። አየር ሲያጥር ጭሱ መሄጃ ያጣል፤ ካርቦኑ ገላው ውስጥ ይሰርጋል። አንዳንዴ ጥቁሩ እኩል አይዳረስም፤ ጎኑ ላይ ነበልባል የላሰው የሚመስል ቀይ ጥላ ይቀራል። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጡት እነዚያ ናቸው። እሳቱን የቱንም ያህል ቢያውቁት የመጨረሻውን ቃል እሱ ይናገራል።

እኛም አገር እኮ ትኩስ ጀበና በጭስ የሚያጠቁሩ ሸክላ ሠሪዎች አሉ። ማንም ቀለም ቀቡት አይልም።

በነገራችን ላይ ፎቶዎቹ በሙሉ ከሩቅ የተነሱ ናቸው። ቀዩ ወደ ጥቁር የሚሻገርበትን ቦታ በቅርብ የሚያሳይ ካላችሁ ጨምሩልን፣ እባካችሁ።