የፕላስቲክ አበባ ሴንሰር አያስፈልገውም

የትምህርት ቤት የሳይንስ ኤግዚቢሽን ደስ ይለኛል። ልጅ ነጭ ጋውን ለብሶ ሲያስረዳ ማየት ማን ይጠላል? ግን የምንሸልመው ነገር ያናድደኛል። እዚሁ ሀዋሳ ባየሁት በአንዱ፣ የግብርና ጠረጴዛ ላይ አፈር ሲደርቅ ራሱ ውሃ የሚለቅ ፓምፕ ተቀምጦ ነበር። ሴንሰር፣ ሽቦ፣ የምታብረቀርቅ ትንሽ መብራት። ሳሩም አበባውም ፕላስቲክ! ዳኞቹ አጨበጨቡ፣ ፎቶ ተነሱ፣ አንደኛ ወጣ።

ልጁ ጎበዝ ነው፣ በሱ የለሁበትም። ግን ምን ለካ? ምን ከምን ጋር አወዳደረ? ማንም አልጠየቀውም።

የሚለካ ነገር ደግሞ ሞልቷል። ከከተማ ትንሽ ወጣ ብትሉ ቦሎቄ አለ። ሥሩ ላይ ትንንሽ እባጮች አሉት፤ እዚያ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን እየወሰዱ ተክሉን ይመግቡታል። ሁሉም እባጭ ግን አይሠራም። ሊያብብ ሲል ከነሥሩ ቀስ ብላችሁ ቆፍሩት፣ አፈሩን እጠቡት፣ አንዱን እባጭ በምላጭ ሰንጥቁ። ውስጡ ቀላ ካለ ሥራ ላይ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ምንም እየሠራ አይደለም። ወጪው የምላጭ ዋጋ ነው በቃ። ተማሪዎች ግማሹን መደብ ባክቴሪያው በተለወሰ ዘር፣ ግማሹን እንዲሁ ዘርተው ቀይ እባጮቹን ቢቆጥሩ፣ ገበሬም አግሮኖሚስትም ቆሞ የሚሰማው ወሬ ይኖራቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ2014 የጉግልን የሳይንስ ውድድር ያሸነፉት ሦስት የአየርላንድ ልጃገረዶች የተነሱት ከዚሁ እባጭ ነው። አንዷ ጓሮ ውስጥ አተር ሥር ላይ አየችውና ገረማት፣ ከዚያ እነዚህ ባክቴሪያዎች ገብስና አጃ ላይ ቢሞከሩስ አሉ፣ ዘሩ ቶሎ በቀለላቸው።

ነቀዝም አለላችሁ። በቆሎ በሃይላንድ ጠርሙስ ጢም አድርጎ ሞልቶ ጥርቅም አድርጎ መዝጋት፣ ሌላውን ክፍት መተው፣ ከሁለት ወር በኋላ የተበሳውን ፍሬ መቁጠር። አየር ሲያልቅበት ነቀዝ ይሞታል፤ ሦስት ንብርብር ያለው የእህል ከረጢት የሚሠራውም በዚሁ ነው። የእንሰት አጠውልግ ላይ ግን ጥንቃቄ ይኑር። በሽታው በቢላ ስለሚተላለፍ የታመመ ተክል ትምህርት ቤት ማምጣት አያስፈልግም። ከዚያ ይልቅ ቤት ለቤት ዞሮ ቢላውን በእሳት ወይም በበረኪና የሚያጸዳው ስንቱ እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል፣ እሱም ሳይንስ ነው።

ታዲያ ለምን አይሠሩትም? ኤግዚቢሽኑ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነዋ የሚነገራቸው! በሦስት ሳምንት የሚደርስ ሰብል የለም፣ የሚደርሰው የፕላስቲክ አበባ ነው። ቦሎቄ ሦስት ወር ገደማ ይፈልጋል። ዋናው ክረምት ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ነው ይባላል፣ እውነት ነው፣ ግን በእኛ በኩል በልግም አለ፣ ከመጋቢት ጀምሮ ልጆቹ ክፍል ባሉበት ይዘንባል። የካቲት ላይ ተነግሯቸው ሰኔ ላይ ቢያቀርቡ ምን ይጎድላል?

ዳኞቹም ይቀየሩ። የሀዋሳ ግብርና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ እዚህ አለ፣ ከዩኒቨርሲቲው ራሱ ይቀድማል፣ በባጃጅ ይደረሳል። ከዚያ አንድ መምህር፣ ከአጎራባች ቀበሌ ደግሞ አንድ አርሶ አደር ይቀመጡ። መጀመሪያ የሚያዩት ደብተሩን ይሁን፤ ቀን የተጻፈበት፣ ጭቃ የነካው፣ ስርዝ ድልዝ ያለበት ደብተር። «ሞከርን፣ ልዩነት አላገኘንም» ብሎ ቁጥሩን የሚያሳይ ልጅ ሜዳሊያ ይገባዋል።

ወላጆችም፣ በናታችሁ ማታ ማታ ፕሮጀክቱን ራሳችሁ አትሥሩላቸው። ዳኛ ዝም ይላል እንጂ ያስታውቃል።