ይድረስ ለክቡር አቶ ኮኔክሽን ሪፊውዝድ፤ ካሉበት

ቁጥር፦ 111
ጉዳዩ፦ ምክንያት ሳይገልጹ በር መዝጋትዎን ስለማመልከት

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ቢደርስዎትም ሳልጨርሰው እንደሚመልሱት አውቃለሁ፤ ቢሆንም ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አይጀመርም። እርስዎ አንድ ኮምፒውተር ሌላውን ሲያንኳኳ «ግንኙነት ተከልክሏል» ብለው የሚመጡ የስህተት መልእክት ነዎትና፣ ከላይ የሰፈረው ቁጥር የመዝገብ ቤት ቁጥር አይደለም፣ በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ የእርስዎ መለያ ነው። ማክ ላይ ሲሄዱ 61 ይሆናሉ፣ ዊንዶውስ ላይ ደግሞ 10061። ሦስት መታወቂያ ይዞ የሚዞር ሰው በእኛ ሰፈር ቢሆን ቀበሌ ሳይጠራው አይቀርም ነበር።

ሕዝቡ ግን በእነዚህ ስሞችዎ አያውቅዎትም። ባንክ ተሰልፎ ተራው ሲደርስ «ሲስተም የለም» የሚባለው ሰው፣ ከዚያች ቃል ጀርባ አንዳንዴ እርስዎ እንደቆሙ በምን ይጠርጥር? እናቴ አንድ ቀን ደብተሯን እንደያዘች ተመልሳ መጣችና «ይሄ ሲስተም የሚሉት ሰውዬ ደሞዙ ስንት ቢሆን ነው ሁልጊዜ ከሥራ የሚቀረው?» አለችኝ። ሙያዬ ነውና ላስረዳት ጀመርኩ፤ አፕሊኬሽኑ ሄዶ ዳታቤዙን፣ ማለትም የመረጃ ማከማቻውን፣ ያንኳኳል፣ ዳታቤዙ ያለበት ማሽን ደግሞ... «እና ሲያንኳኩ አይከፍትም?» አለች። አይከፍትም አልኳት። «ባለጌ ነው» ብላ ወደ ቡናዋ ተመለሰች። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እስካሁን አላነበብኩም።

ወደተነሳሁበት ልግባ። ባለፈው ሐሙስ ማታ አራት ሰዓት ላይ የአንድ አስመጪ ድርጅትን የመጋዘን ዳታቤዝ ከቢሮው ማሽን ጀርመን አገር ወደተከራየነው ሰርቨር (ሌት ተቀን ወደሚሠራ ኮምፒውተር) አዛወርኩ። ምክንያቱ መብራት ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ዳታቤዙ አብሮ ይሄድ ነበር፤ ዩፒኤሱም (መብራት ሲሄድ ሊተካ የተገዛው ባትሪ) ከመጮኽ ሌላ ሥራ ከተወ ቆይቷል። መረጃውን ገለበጥኩ፣ አመሳከርኩ፣ አፕሊኬሽኑ ላይ አዲሱን አድራሻ ጻፍኩ፣ ሻይ ቀዳሁ። ሻዩን ሳልቀምሰው እርስዎ ደረሱ።

«ኮኔክሽን ሪፊውዝድ። ሰርቨሩ በዚያ አድራሻ እየሠራ ነው? የቲሲፒ ግንኙነትስ ይቀበላል?» (ቲሲፒ ኮምፒውተሮች በኔትወርክ የሚነጋገሩበት ደንብ ነው።) ፖስትግሬስ የተባለው የዳታቤዝ ፕሮግራማችን እርስዎን የሚያስተዋውቀው በጥያቄ ነው። ልጠይቀው የሄድኩትን ነገር መልሶ እኔኑ ይጠይቀኛል።

እንደማንኛውም ያገሬ ልጅ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ኔትወርኩን ነው። ኔትወርክ በእኛ ዘንድ ያለ ጠበቃ የሚፈረድበት ፍጡር ነው። ስልኬን አንስቼ ልማረር ስል ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፦ ስድብዎ ፈጥኖ ነበር የመጣው። ኔትወርክ የሌለው ሰው እንዲህ ቶሎ አይሰደብም። መልእክቴ ባሕር ተሻግሮ ደርሷል፣ ማሽኑም ተቀብሎት «በዚህ ፖርት (በዚህ ቁጥር በር) ላይ ማንም የለም» የሚል መልስ በዚያው መንገድ ልኳል። መልእክተኛ ሄዶ የተመለሰበትን መንገድ ተቆርጧል ማለት አይቻልም። ስለዚህ ኔትወርኩን በነጻ አሰናበትኩት። ይቅርታ ግን አልጠየቅኩትም፤ ሌላ ብዙ ዕዳ አለበት።

እዚህ ላይ ከአቶ ታይምአውት («ጊዜው አለፈ» ከሚባለው ስህተት) ጋር ሳላነጻጽርዎት ባልፍ በደል ይሆንብኛል። እሱ ጉዳይ ይዘው ሲገቡ ከወረቀቱ ቀና የማይል ባለሥልጣን ነው። አይከለክልም፣ አይፈቅድም፤ ሰው ቆሞ ይደርቃል። ፋየርዎል (የኔትወርክ ማጣሪያው) «ድሮፕ»፣ ጣለው፣ ተብሎ ሲታዘዝ ጥያቄያችንን ቅርጫት ውስጥ ይከትና ዝም ይላል፣ ያኔ የሚመጣልን እሱ ነው። እርስዎ ግን የግቢ ዘበኛ ነዎት። እጄ በሩን ሳይነካ «የለም!» ይሉኛል። ማን እንደሌለ፣ መቼ እንደሚመለስ፣ በጓሮ በኩል በር ይኑር አይኑር ትንፍሽ የለም። ይባስ ብሎ ፋየርዎሉ «ሪጀክት»፣ መልስ ሰጥተህ ከልክል፣ ከተባለ የእርስዎን ፊርማ አስመስሎ መፈረም ይችላል፤ ያን ጊዜ የከለከለኝ ዘበኛው ይሁን የዘበኛ ካፖርት የለበሰ ሌላ ሰው መለየት ራሱን የቻለ ምርመራ ነው።

ደንብ አለኝ እንደሚሉ አውቃለሁ። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው የቲሲፒ ደንብ በተዘጋ ፖርት ላይ ጥያቄ ሲመጣ ሪሴት (ግንኙነቱን የሚያቋርጥ መልእክት) ይላክ ይላል፤ እርስዎም ይኸው ከ40 ዓመት በላይ አንዲት ነጥብ ሳያጎድሉ ይፈጽሙታል። የደንብ ሰው ነዎት፣ አልክድም። ከዚያ ደንብ ውስጥ ከልቤ የምወዳት አንዲት አንቀጽ አለች፦ ለሪሴት ሪሴት አይመለስም። እሷ ባትኖር ሁለት ማሽኖች ተሳፋሪ እንደተሻሙ ወያላዎች እስከ ምጽአት ሲሰዳደቡ ይኖሩ ነበር።

ሰርቨሩ ውስጥ ገባሁና ፖስትግሬስ ይሠራ እንደሆነ ጠየቅኩ። በአረንጓዴ ቀለም «አክቲቭ» አለኝ። ደስ ብሎኝ ልወጣ ስል በቅንፍ የተቀመጠችውን ቃል አየሁ፦ «ኤግዚትድ»። በሥራ ላይ ነው (ወጥቷል)። ይህን ቋንቋ እኔ ከኮምፒውተር አልተማርኩትም። ኮቱ ወንበሩ ላይ ተሰቅሏል፣ መነጽሩ ፋይሉ ላይ ተቀምጧል፣ ጸሐፊዋ «አሁን እዚህ ነበሩ» ትላለች። ለካ ኡቡንቱ (ሰርቨሩ ላይ ያለው የሊኑክስ ዓይነት) ላይ በዚህ ስም የተመዘገበው አገልግሎት ኮቱ ብቻ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ከሥሩ በስሪት ቁጥሩ የተመዘገበው ነው። ለኮቱ ሰላምታ ሰጥቼ ሰውየውን ፈለግኩ። አለ። ይሠራል። ፖርቱም 5432 ነው። (አንድ ጊዜ አሮጌው ስሪት ቆሞ አዲሱ በጸጥታ 5433 ላይ ተቀምጦ፣ እኔ ባዶ ቤት ሳንኳኳ አድሬያለሁ። «ቀጣዩ በር ነው» ቢሉኝ ምን ይቀንስብዎት ነበር?)

በዚህ መሃል ምክር ፍለጋ ለሙያ ጓደኞቼ ጻፍኩ። አንዱ «ፋየርዎሉን ጠቅልለህ አጥፋው» አለኝ። ቁልፍ ለጠፋበት ሰው ግድግዳውን አፍርስ እንደማለት ነው። ሌላው «እኔ ጋ ይሠራል» አለ። የሙያችን መሐላ ነው፣ ከሱ በላይ ምስክር የለም።

በመጨረሻ ማን በየትኛው አድራሻ እንደሚያዳምጥ የሚዘረዝረውን ትእዛዝ ሰጠሁ። 127.0.0.1:5432። ነገሩ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ፖስትግሬስ ቤቱን ከውስጥ ቆልፎ ከራሱ ጋር ብቻ እያወራ ነበር። 127.0.0.1 ማንኛውም ማሽን ራሱን የሚጠራበት አድራሻ ነው፣ «እኔ» እንደማለት፤ የአንዱ «እኔ» ደግሞ ለሌላው አይሠራም። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ዶከር ኮንቴይነር (ኮምፒውተር ውስጥ ለብቻው የታጠረ ሳጥን) ውስጥ ሆኖ ሎካልሆስት (የዚያው «እኔ» ስም) ላይ ዳታቤዝ ሲፈልግ ግማሽ ቀን የበላው ይኸው ነው። ኮንቴይነሩ «እኔ» ሲል ሳጥኑን ነው እንጂ ላፕቶፑን አይደለም። ሎካልሆስት የሚለው ቃል ራሱም ሁለት አድራሻ ሊሆን ይችላል፣ አሮጌው 127.0.0.1 እና አዲሱ ::1፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ኖድ የተባለው የፕሮግራም ማስኬጃ 17ኛ ስሪቱ ከወጣ ወዲህ አሮጌውን ማስቀደም ስለቀረ ትናንት ሲከፈት የነበረ በር ዛሬ እርስዎን ያቆመባቸው ብዙ ናቸው።

በዚህ ልማዱ ፖስትግሬስን አልወቅሰውም። በ2017 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ያለ ይለፍ ቃል በራቸውን ለዓለም ከፍተው ያደሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የሞንጎዲቢ ዳታቤዞች ተጠርገው፣ በቦታቸው «ገንዘብ ላኩ» የሚል ማስታወሻ ተገኝቷል። በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው 3.6 ስሪት ካላዘዙት በቀር ራሱን ብቻ እንዲያዳምጥ ተደረገ። ስለዚህ ዘግቶ ማደር ነውር አይደለም። ነውሩ የቤቱ ባለቤት ደጅ ሲያድር ነው።

አሁን ቢቀር ደስ ወደሚለኝ ክፍል ደረስኩ። የፖስትግሬስን የማዋቀሪያ ፋይል ከፈትኩና «ሊስን አድሬስስ» የሚለው መስመር ላይ ሎካልሆስትን አጥፍቼ ኮከብ አስቀመጥኩ፤ ሁሉንም አዳምጥ ማለት ነው። ሪስታርት አደረግኩ። እርስዎ። ፋየርዎሉን አየሁ፣ ለቢሯችን አድራሻ ብቻ በትክክል ተከፍቷል። እርስዎ። ማሽኑን ሙሉ በሙሉ አጥፍቼ አስነሳሁት፣ እስኪነሳ ድረስ ጥፍሬን በላሁ። እርስዎ። የጎረቤት ውሻ ሳይቀር ተኝቷል። ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ዓይኔን አሽቼ ያንኑ መስመር ከመጀመሪያው ፊደል ሳነበው፣ ከፊቱ አንዲት ትንሽ አጥር ቆማለች፦ #።

አጥሯ ካለች መስመሩ ማስታወሻ እንጂ ትእዛዝ አይደለም፤ ፖስትግሬስ ሳያነበው ያልፈዋል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ለማንም ያልተላከ ደብዳቤ ሳርም ነበር። አጥሯን ነቀልኩ። ከደስታ ብዛት ሪስታርት ማለት ሲገባኝ ሪሎድ (ሳትቆም ቅንብሩን ዳግም አንብብ) አልኩ፤ ይህ ቅንብር ግን በሪሎድ አይለወጥም፣ አገልግሎቱ ቆሞ መነሳት አለበት። ስለዚህ አንድ ጊዜ በተጨማሪ ተገናኘን። ያችን የስንብት አድርጌ ወስጃታለሁ።

ከሪስታርቱ በኋላ የመጣው ሌላ ኤረር ነበር፦ «ለዚህ አድራሻ፣ ለዚህ ተጠቃሚ፣ ለዚህ ዳታቤዝ በፒጂ ኤችቢኤ ፋይል ውስጥ መዝገብ የለም»። ክቡርነትዎ፣ እልል አልኩ። ባለቤቴ ከመኝታ ቤት «ሠራ?» አለችኝ። «አልሠራም፣ ግን ሌላ ስህተት ነው!» አልኳት። በሩ ሲዘጋ ተሰማኝ። እንዴት አድርጌ ላስረዳት? ይህኛው ሠርግ ቤት በር ላይ ቆሞ መጥሪያ የሚያይ ሰው ነው። ስምህ የለም ይላል፤ ግን ዝርዝሩን አይቶ ነው፣ ማን መሆኔንም ሰምቶ ነው። በስሜ የጠራኝ ሰው አገኘሁ። ዝርዝሩ ላይ አንዲት መስመር ጨመርኩ፣ ገባሁ።

ዳግም እንደምንገናኝ አውቃለሁ። አንድ ቀን ዲስኩ ይሞላና ፖስትግሬስ የሚጽፍበት አጥቶ ይወድቃል፤ ወይም አንዱ አዲስ ስሪት ጭኖ አሮጌውን ያቆማል፤ እርስዎ ያችኑ አንዲት ቃል ይዘው ከች ይላሉ። ለሞላ ዲስክም፣ ለተሳሳተ ፖርትም፣ ለአንዲት አጥርም ያው አንድ ቃል። ለውጭ ሰው የቤት ገመና አይነገርም ቢሉኝ እቀበላለሁ። እኔ ግን የይለፍ ቃሉን ያወጣሁት፣ ኪራዩን የከፈልኩት ሰውዬ ነኝ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የመጋዘን ኃላፊዋ ደወሉ። «ልጄ፣ ሲስተሙ ዛሬ አለ?»

«አለ እትዬ። አሁን ጀርመን አገር ነው ያለው፣ የቢሮው መብራት ቢሄድም አይጠፋም።» የእሳቸው ኮምፒውተር ግን እንደሚጠፋ አልነገርኳቸውም።

ትንሽ ዝም አሉ። «አጠገባችን ሆኖ ሲቀር የነበረው፣ ከጀርመን ሊመጣልን?»

ቢን ካርዳቸውን አልጣሉትም። ዕቃ ሲገባም ሲወጣም መጀመሪያ እሱ ላይ በእስክርቢቶ ይጽፋሉ፣ ከዚያ ነው ወደ እኔ ሲስተም የሚመጡት። ካርዱ ፖርት የለውም።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ እንቅልፍ ያጣ ፕሮግራመር

ግልባጭ፦
ለአቶ ታይምአውት (መልስ አልጠብቅም)
ለኮቱ፤ ወንበሩ ላይ
ለመጋዘን ኃላፊዋ፤ በወረቀት