ላይ ማን አለ?

የደሴ ልጅ ዳገት ፍለጋ ከቤቱ ርቆ ይሄዳል ብሎ ማን ይጠረጥራል? በአንድ ወገን ጦሳ ተራራ፣ በሌላው አዝዋ ገደል ይዘውናል፤ ዳቦ ለመግዛት እንኳ ወይ መውጣት ነው ወይ መውረድ። እኛ ግን ባለፈው እሑድ የሚኒባስ ከፍለን፣ በሐረጎ ጠመዝማዛ እየተናጥን ኮምቦልቻ ወረድን። ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል መሆኑ ነው። ለምን? የጎፍ ተራራን ለመውጣት። ሃይኪንግ ይባላል።

ዘጠኝ ነን። መሪያችን ከፒያሳ መናፈሻ ያለ ባጃጅ ንቅንቅ የማይል ሰው ነው። ስልኩ እርምጃ ይቆጥርለታል፤ ባትሪው የዘጋበት ቀን ባይራመድም አይፈረድበትም። ጫማው ደግሞ ውሃ አያስገባም ተብሎ የተገዛ ነው፤ ዋጋውን ሳንጠይቀው ሦስቴ ነግሮናል። ጽዱና ወይራው መሀል ካለች አንዲት ጅረት ስንደርስ እኛ ጫማችንን በእጃችን ይዘን ስንሻገር፣ እሱ «ለዚህ አይደል የገዛሁት!» ብሎ ዘው አለበት። ውሃው በጫማው አፍ በኩል ገባ። ጫማው እውነትም ውሃ አያሳልፍም፤ የገባውን ጠብታ እንኳ አላስወጣም። ከዚያ ወዲያ ቿቅ ቿቅ እያለ ነው የመራን፤ ወፉ ሁሉ ከሩቅ እየሰማን ይነሣል።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሃይላንዳችንን ጨርሰን ተዘርረን ሳለን፣ አንዲት እናት ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው በኮንጎ ጫማ ቁልቁል መጡ። ትንፋሻቸው እንኳ አልተዛባም። ሸክማቸውን ሳያወርዱ ቆሙ።

«ደህና ዋላችሁ ልጆቼ? ከብት ጠፋባችሁ?»

«አይ እማማ።»

«ለቅሶ ነው?»

«አይደለም፤ ወደ ላይ እየወጣን ነው።»

«ላይ ማን አለ?»

ተያየን። ላይ ማንም የለም።

«ታዲያ ደርሳችሁስ?»

«እንመለሳለን።»

እማማ ዝም አሉ። እኔ እዚህ ላይ ወሬ ለመቀየር ቆሎ ላቀርብላቸው እጄን ወደ ቦርሳዬ ሰድጄ ነበር፤ መሪያችን ግን ቀደመኝ። «ለጤና ነው እማማ!» አለ፣ ጫማውን ገልብጦ ውሃውን እያፈሰሰ።

ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ። አንድ በአንድ አዩን፤ የቀላ ፊታችንን፣ የተደገፍነውን ዱላ፣ የመሪያችንን የረጠበ ካልሲ።

«ሐኪም አዞላችሁ ነው? ሁላችሁንም?» አሉና ሸክማቸውን አስተካክለው፣ «አብሽሩ የኔ ዓለም፤ አላህ ያሽራችሁ» ብለውን ወረዱ።

«አሚን» አልን፣ ዘጠኛችንም።