ስብሰባው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው

ባህር ዳር፣ ጣና ዳር ተቀምጠን አሳ እስኪጠበስ እንጠብቃለን። አራት ነን። አንዱ የአንድ ድርጅት የሰው ኃይል ኃላፊ ነው። ዊልቸር የምትጠቀም የሂሳብ ሠራተኛ መቅጠራቸውን በደስታ ነገረን። “ፈተናውን አንደኛ ወጥታ ነው የገባችው” አለ።

አብራን ያለችው ሲቪል መሐንዲስ “ወርኃዊ ስብሰባችሁ የት ነው?” አለችው።

“ሁለተኛ ፎቅ።”

“አሳንሰር አላችሁ?”

“የለንም። እንዳትቸገር ቃለ ጉባኤውን ጠረጴዛዋ ድረስ እንልክላታለን።”

ክርክሩ ከዚህ ተነሳ።

“ቢሮ ሰጠናት፣ ደመወዟ ከሌላው እኩል ነው። ሕንፃው የኪራይ ነው፤ አሳንሰር ላስገባ?”

“አሳንሰር አስገባ አላልኩህም። ስብሰባው ላይ ምን ትወስናላችሁ?”

ቆጠረላት። የዓመት ፈቃድ ተራ፣ የትርፍ ሰዓት ድልድል፣ ማን ሥልጠና እንደሚሄድ።

“እሷ ሥልጠና ሄዳለች?”

“ገና አዲስ ናት እኮ።”

“አብረዋት የተቀጠሩትስ?”

“ሁለቱ ሄደዋል።” ድምፁ ቀነሰ።

የቀድሞ የፋብሪካ ፈረቃ አለቃ የነበሩት ጋሼ ጣልቃ ገቡ። “ልጄ፣ አታጣድፊው። በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ሰው ከበር ነበር የሚመለሰው። መቅጠሩ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።”

“አንቱ ያሉት እውነት ነው ጋሼ። ሕጉ ግን መቅጠር ላይ አያቆምም።” በ2000 ዓ.ም. የወጣውን የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568 ጠቀሰች። አሠሪው ከአቅሙ በላይ ካልከበደው በቀር የሥራ ቦታውን ለአካል ጉዳተኛው ማመቻቸት አለበት። ሠራተኛዋ አድልዎ ደረሰብኝ ብላ ብትከስ ደግሞ አላዳላሁም ብሎ የማስረዳት ሸክሙ ወደ አሠሪው ይዞራል። የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624ም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለዊልቸር መግቢያ እንዲኖረው ጠይቋል።

“ማን ይከሳል? አንድ ቀን እንኳ ቅር ብሏት አታውቅም። ተሸክመን እናውጣሽ ብለናት ነበር፤ እምቢ ያለችው ራሷ ናት።”

“አንተስ በየወሩ ባልደረቦችህ ፊት በሰው ትከሻ መውጣት ትፈልጋለህ?”

መልስ አልሰጠም።

እኔ ከመሐንዲሷ ጋር ነኝ። ጋሼ ያሉት የቆየ በደል ለዛሬው ማነስ ማካካሻ አይሆንም። ቅሬታ አለማቅረቧንም የደስታ ምልክት አድርጌ አላየውም። አዲስ ሠራተኛ፣ ያውም ሥራ ለማግኘት ብዙ በር ያንኳኳች ሰው፣ አስቸጋሪ እንዳትባል ዝም ትላለች። ባህር ዳር ሜዳ ከተማ ናት። ልጅቷ ዊልቸሯን አጣጥፋ በባጃጅ ቢሮ በር ድረስ ትደርሳለች። የምትቆመው ውስጥ ከገባች በኋላ፣ ደረጃው ሥር ነው። ቃለ ጉባኤ ደግሞ ያለቀ ውሳኔ ነው፤ እጅ አውጥቶ “እኔስ?” ለማለት አያስችልም።

ምድር ቤት የሠራተኞች ሻይ ክበብ እንዳላቸው ራሱ ነገረን። ከሰዓት በኋላ ባዶ ነው። የሚቀጥለው ስብሰባ እዚያ ይሁን፤ ወንበር ከማውረድ ሌላ ወጪ የለውም። ያለፋት የሥልጠና ተራም ይመለስላት።

ሰኞ ሥራ አስኪያጁን አነጋግራለሁ ብሏል። ከዚያ በፊት ግን እሷን ራሷን ቢጠይቃት እመርጣለሁ። የመጸዳጃ ቤቱ በር ዊልቸር ያስገባ እንደሆነ ስንጠይቀው እንኳ አያውቅም ነበር።