እርማት፦ «አልጋ ላይ የዋለ ሰው ኮሮና አይዘውም» ስለሚባለው

ወንድሜ፣ «ከአልጋ የማይወርድ ሰው ኮሮና አይዘውም፤ ወረርሽኝ ሲመጣ በሩን ዘግቶ መተው ነው» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ይላል፤ ግን ስህተት ነው።

መጋቢት 2012 የመጀመሪያው ታማሚ አገራችን ውስጥ ሲገኝ፣ ደብረ ብርሃን እኛም ቤት እንደዚሁ ነበር የታሰበው። አያቴ አልጋ ላይ ነበሩ። ቫይረሱን ግን የሚያጥባቸውና የሚያጎርሳቸው ሰው ይዞት ሊገባ ይችላል፤ ምንም ሳያመው እንኳ።

መተውስ? እኛ ፈርተን መግባት ቀነስን። በሳምንቱ ዳሌያቸው ላይ ሳንቲም የምታክል ቅላት አየሁ። በጣቴ ብጫናት አልነጣ አለች። የመኝታ ቁስል እንዲህ ነው የሚጀምረው። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው በየ2 ሰዓቱ ገደማ ጎኑ መቀየር አለበት። ይሄ በር ላይ ቆሞ የሚሆን ነገር አይደለም።

ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ብቻ እንዲንከባከባቸው አደረግን። እሱ ቢታመም ማን እንደሚተካውም ተነጋገርን። እጅ በሳሙና፣ ማስክ፣ የግፊት መድኃኒታቸውን ሳያልቅ መግዛት። አየር እንዲገባ መስኮቱን መክፈት ላይ ግን ተጨቃጨቅን፤ የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቀው የለ! የመንዝ ባና ደርበንላቸው ከፈትነው።